በኦፕራሲዮን መውለድ የልጅን አእምሮ ይጎዳል? የአንጀት ባክቴሪያ ታሪክ



በቅርቡ አንዲት እናት ሁለት ዓመት የሞላው ልጇን ይዛ መጣች። ልጁ ገና አፉን አልፈታም። ገና ሳትቀመጥ «ዶክተር፣ በኦፕራሲዮን ስለወለድኩት ይሆን? የአንጀቱ ባክቴሪያ ተዛብቶ ነው አሉኝ» አለችኝ። ይህን የምትጠይቀኝ እሷ ብቻ ስላልሆነች ዛሬ ታሪኩን ከመነሻው ላጫውታችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እኛ «ሆዴ ባባ»፣ «ሆዴ ፈራ» እንላለን። ስሜትን ከሆድ ጋር ማያያዝ ለእኛ አዲስ አይደለም። ሳይንሱ ግን እዚህ የደረሰው ብዙ ተሳስቶ ነው።

👉 በ1899 ፓሪስ በሚገኘው የፓስተር ኢንስቲትዩት ሄንሪ ቲሲዬ የተባለ የሕፃናት ሐኪም ጡት ከሚጠባ ሕፃን ሰገራ ውስጥ እንደ ባላ የተከፈለ ባክቴሪያ አገኘ። ዛሬ ቢፊዶባክቴሪያ የምንለው እሱን ነው።

👉 እዚያው ኢንስቲትዩት ይሠራ የነበረውና በ1908 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ኤሊ ሜችኒኮፍ፣ በትልቁ አንጀት ውስጥ ምግብ የሚያበሰብሱ ባክቴሪያዎች ሰውነትን እየመረዙ ያስረጃሉ ብሎ ያምን ነበር። መፍትሔው እርጎ መጠጣት ነው ይል ነበር።

👉 እስከዚህ ጉዳት የለውም። በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ግን የአእምሮ ሆስፒታል ኃላፊ የነበረው ዶክተር ሄንሪ ኮተን የአእምሮ ሕመም መነሻው የተደበቀ ኢንፌክሽን ነው ብሎ የታካሚዎችን ጥርስ ነቀለ፤ የብዙዎችንም አንጀት ቆርጦ አወጣ። ብዙ ሰዎች ሞቱ። ማስረጃው ሳይሟላ ወደ ሕክምና መሮጥ ይህን ያህል ያስከፍላል።

ከዚያ በኋላ ሐሳቡ ለረጅም ጊዜ ተረሳ። በ2004 የጃፓን ተመራማሪዎች ምንም ባክቴሪያ በሌለበት ያደጉ አይጦች ሲጨነቁ የጭንቀት ሆርሞናቸው ከልክ በላይ እንደሚጨምር አሳዩ። ቢፊዶባክቴሪያ ሲሰጣቸው ተስተካከለ። ነገር ግን እነዚህ አይጦች ናቸው፤ ልጆቻችን አይደሉም።

በ2010 ደግሞ በምጥ የተወለዱ ሕፃናት የእናታቸውን የማሕፀን በር አካባቢ ባክቴሪያ፣ በኦፕራሲዮን የተወለዱት ደግሞ የቆዳ ባክቴሪያ ይዘው እንደሚመጡ ታየ። ጥናቱ የተሠራው በ9 እናቶች ላይ ብቻ ነበር። ወሬው ግን ዓለምን አዳረሰ። አንዳንድ ወላጆች የእናትን ፈሳሽ በጨርቅ ለሕፃኑ መቀባት ጀመሩ። በ2017 የአሜሪካ የማሕፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ ከምርምር ውጪ ይህ እንዳይደረግ መከረ፤ ምክንያቱም ኢንፌክሽንም አብሮ ሊተላለፍ ይችላል።

ወደ እናትየዋ ጥያቄ እንመለስ። በኦፕራሲዮን የተወለዱ ልጆች ላይ ኦቲዝም በመጠኑ በዝቶ ይታያል የሚሉ ጥናቶች አሉ። በ2015 በስዊድን ወደ 2.7 ሚሊዮን የሚጠጉ ልጆች ሲጠኑ ግን፣ አንዱ በምጥ ሌላው በኦፕራሲዮን የተወለዱ የአንድ እናት ልጆች ሲነጻጸሩ ልዩነቱ ጠፋ። ይህ የሚጠቁመን በዘር የሚወረስ ወይም ቤተሰቡ የሚጋራው ሌላ ምክንያት እንዳለ ነው። በ2019 የታተመ የእንግሊዝ ጥናትም የአንጀት ባክቴሪያ ልዩነቱ ልጁ 6–9 ወር ሲሆነው በአብዛኛው እንደሚጠብ አሳይቷል።

ስለዚህ ምን እናድርግ?

✅ ሐኪም ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል ሲል በባክቴሪያ ፍርሃት እምቢ አትበሉ። የታፈነ ሕፃን አእምሮ የሚጎዳው በደቂቃዎች ውስጥ ነው።
✅ ያለ ሕክምና ምክንያት ደግሞ ኦፕራሲዮን አትምረጡ።
✅ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይጀምር፤ እንገሩን አትጣሉት። ቅቤ ማላስ፣ ስኳር ውኃ ማቅመስ ይቅር። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ።
✅ ለጉንፋን ሁሉ አንቲባዮቲክ አትግዙ፤ ጠቃሚዎቹንም ባክቴሪያዎች ይገድላል።
✅ ልጁ ንግግር ከዘገየ ጥፋተኛ በመፈለግ ጊዜ አታባክኑ፤ ቶሎ አስመርምሩት።

ያቺን እናት «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» ስላት እንባዋ መጣ። ከዚያ ልጁን ወደ ጆሮ ምርመራ ላክነው። ከመጀመሪያውም መጠየቅ የነበረበት «ልጁ ይሰማል ወይ?» የሚለው ነበር።

በኦፕራሲዮን ወልዳ ራሷን ለምትወቅስ እናት ይህን አጋሩላት። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ። ጤና ይብዛላችሁ!