የሕክምና መዝገብና የክፍያ ሶፍትዌር ምርጫ (ለአነስተኛ ክሊኒክ)

የኤሌክትሮኒክ ሕክምና መዝገብ የታካሚን ካርድ፣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ የመድኃኒት ማዘዣና ሒሳብ በኮምፒውተር አንድ ላይ የሚይዝ ሥርዓት ነው። በኢትዮጵያ ቀደም ብሎ የታወቀው በመንግሥት ሆስፒታሎች ሥራ ላይ የዋለው ስማርትኬር ነው። ባህምኒ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ደግሞ የሕክምናውን መዝገብ ከኦፕንኤምአርኤስ፣ ሒሳቡን ከኦዱ ወስዶ ያጣምራል።

ከሊማሊሞ ቁልቁለት በታች፣ በጎንደር–ሽሬ መንገድ ላይ በምትገኘው አዲ አርቃይ ለሚሠራ ክሊኒክ የሶፍትዌሩ ስፋት ዋና መመዘኛ አይሆንም። ኔትወርክ ሲጠፋ ሥራው እንዳይቆም መረጃው እዚያው ክሊኒኩ ውስጥ ባለ ኮምፒውተር ላይ መቀመጥ፣ ቅጂውም በየዕለቱ ሌላ ቦታ መያዝ አለበት። 13 ወር ያለውን የዘመን አቆጣጠር የማያውቅ ፕሮግራም የጳጉሜን ቀጠሮ መያዝ ይቸግረዋል። የቤተሰብ ስም የሚጠይቅ ቅጽም ሰው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም በሚጠራበት አገር አይሠራም። ሞክሼ ስለሚበዛ ታካሚው በካርድ ቁጥር፣ በቀበሌና በስልክ ጭምር መለየት ይኖርበታል፤ እዚህ ላይ የሚፈጠር ስሕተት የአንዱን መድኃኒት ለሌላው ያሰጣልና ከሁሉ በፊት መፈተሽ ያለበት ይኸው ነው።

ክሊኒኩ ከማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ጋር ውል ካለው፣ የአባላት ሒሳብ ከእጅ በእጅ ክፍያ ተለይቶ ይመዘገባል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የታካሚን መረጃም ይመለከታል። በመሆኑም ከሻጩ ጋር የሚፈረመው ውል መረጃው የክሊኒኩ መሆኑን፣ ውሉ ሲቋረጥም ሙሉ ቅጂው እንደሚሰጥ በግልጽ ማስፈር አለበት።