ጠባቂ የተባለው ገበሬ

ስለ ወሎ የተጻፈ የእርዳታ ሪፖርት ያነበበ ወይም የወረዳ ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው «የጠባቂነት መንፈስ» የምትለዋን ሐረግ ሳይሰማ አይቀርም። ሰዉ ስንዴ ሲሰጡት ስንዴ መጠበቅ ለመደ፣ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ ነው ነገሩ። ይቺ ሐረግ ሲሏት እንደ ወቀሳ ብቻ ትሰማለች እንጂ በውስጧ የሥነ ልቦና ቲዎሪ አለባት። ሰው እንዴት እንደሚማር፣ ምን እንደሚያነሳሳው፣ ሽልማት ምን እንደሚያደርገው ትናገራለች። ቲዎሪ ከሆነች ደግሞ መፈተን አለባት። እስቲ ቆቦንና የራያን ቆላ ይዘን እንፈትናት።

ቲዎሪው የሚጀምረው ከድመት ነው። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በ1898 (የውጭ ምሁራኑን ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው) የተራቡ ድመቶችን ሳጥን ውስጥ ዘጋባቸው። ድመቷ ትቧጭራለች፣ ትነክሳለች፣ በአጋጣሚ መክፈቻውን ትነካና ትወጣለች፤ ውጭ ምግብ ይጠብቃታል። በሚቀጥለው ጊዜ ቶሎ ትወጣለች፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ይበልጥ ቶሎ። ቶርንዳይክ ከዚህ ያወጣው ሕግ ቀላል ነው፤ ደስ የሚል ውጤት ያስከተለ ድርጊት ይደገማል፣ የማያስደስት ውጤት ያስከተለው እየቀረ ይሄዳል።

ቢ. ኤፍ. ስኪነር ደግሞ በአይጥና በእርግብ ሥራውን ቀጠለ። ከቻርልስ ፈርስተር ጋር በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሽልማቱ የሚሰጥበት ሥርዓት ከሽልማቱ ያላነሰ ለውጥ እንደሚያመጣ አሳየ። ቁልፏን በነካች ቁጥር እህል የምታገኝ እርግብ፣ እህሉ ሲቋረጥ ቶሎ ትተወዋለች። አንዳንዴ ብቻ የምታገኝና መቼ እንደምታገኝ የማታውቅ እርግብ ግን እህሉ ከቀረም በኋላ ለረጅም ጊዜ ስትነካ ትቆያለች። የቤቲንግ ቤት ደጃፍ ላይ ትኬት ይዘው የሚቆሙ ልጆችን ያየ ሰው ይህን ለማመን ላቦራቶሪ አያስፈልገውም።

በዚህ መነጽር ካየነው የራያ ገበሬ ራሱ ቁማርተኛ ሊመስል ይችላል። ቆቦ ያለችው በምዕራብ ከደጋው ገደል፣ በምሥራቅ ከዞብል ተራራ መካከል በተዘረጋ ሜዳ ላይ ነው። ዝናቡ ያታልላል። ደጋ ላይ የዘነበው በጎሊናና በሆርማት ወርዶ ሲመጣ ገበሬው ጎርፉን ጠልፎ ማሳው ላይ ይለቀዋል፤ ባልመጣ ዓመት ደግሞ የሚጠለፍ ነገር የለም። ደጋሊት የሚባለው ረጅም የአካባቢው ማሽላ በበልግ ዝናብ ተዘርቶ ወራት ይቆያል። ከያዘ እህሉም አገዳውም ይትረፈረፋል፤ ካልያዘ ግን የወራት ድካም ባዶ ይቀራል። ዝናቡ አንዳንዴ ይከፍላል፣ አንዳንዴ አይከፍልም። ገበሬው ግን ይዘራል። የስኪነር እርግብ አይደል ታዲያ?

አይደለም። እርግቧ ያላት አንድ ቁልፍ ነው፤ የቆቦ ገበሬ ግን ብዙ አለው። በልጉ ከዘገየ ደጋሊቱን ትቶ ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ያስባል። እሱም ካለፈበት ክረምት ሲገባ ጤፍ ይዘራል። ከዚያም መሬቱ በያዘው እርጥበት ሽምብራ አለ። ይህ ቅደም ተከተል ያለው እቅድ ነው። ኤድዋርድ ቶልማን ይህን ቢያይ ደስ ይለው ነበር። ቶልማንና ሆንዚክ በ1930 ባወጡት ሙከራ፣ አንዳንድ አይጦች አሥር ቀን ሙሉ ያለ ምንም ሽልማት በጠመዝማዛ መተላለፊያ ውስጥ እንዲንከራተቱ ተደረገ። በ11ኛው ቀን ምግብ ተቀመጠላቸው። በማግሥቱ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲሸለሙ ከቆዩት እኩል ሮጡ። ለካ መንገዱን ያለ ሽልማት ሲያጠኑት ነበር። እውቀት ጭንቅላት ውስጥ ተቀምጦ ይቆያል፤ ምክንያት ሲያገኝ ይወጣል።

ሌላም ነገር አለ። የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ሲሠራባቸው ከቆዩት ማሽላዎች መካከል አቀንጭራን የሚቋቋሙና የአካባቢውን ስም የያዙ፣ እንደ ጎብዬና ሆርማት ያሉ አሉ። ቶሎ ይደርሳሉ፣ እህል ይሰጣሉ። ነገር ግን አጭር ማሽላ አገዳው ያንሳል። አገዳ ደግሞ የከብት መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ የቤትና የአጥር ሥራ ነው። ባለሙያው ኩንታል ሲቆጥር ገበሬው በሬውንም ይቆጥራል። «አዲስ ነገር አይቀበልም» ከማለት በፊት ለእሱ ሽልማት ማለት ምን እንደሆነ መጠየቅ ይቀድማል።

አሁን ወደ ስንዴው እንምጣ። ከ1965–66ቱ ረሃብ በኋላ የወሎ ተራራ መራቆት የመንግሥትም የለጋሾችም ጭንቀት ሆነ። ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም የምግብ ፕሮግራም ድጋፍ እጅግ ሰፊ የምግብ ለሥራ ፕሮጀክት ተዘረጋ፤ ወሎ ከዋነኞቹ ቦታዎች አንዷ ነበረች። ሒሳቡ ቁርጥ ያለ ነው፤ ለአንድ ቀን ሥራ ሦስት ኪሎ እህልና 120 ግራም ዘይት። ሥራው እርከን መሥራት፣ ችግኝ መትከል፣ ተራራ መከለል። የሚያሠራው የገበሬ ማህበር ነው። ውጤቱ በኪሎ ሜትር ይለካል፣ ወደ ላይ ይላካል። ከወረቀቱ ላይ ሲታይ የቶርንዳይክ ሕግ በተራራ ላይ ነው።

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ምን ሆነ? በወሎም በሌላም ቦታ ብዙ እርከን ፈረሰ፣ የማህበር ደን ተጨፈጨፈ፣ የተከለለው ተራራ ከብት ገባበት። ሠርተው ያቆሙት እጆች ራሳቸው አፈረሱት።

እዚህ ላይ ሥነ ልቦናው አንድ መልስ አለው። ኤድዋርድ ዴሲ በ1971 ተማሪዎችን የእንቆቅልሽ ኩቦች ሰጣቸው፤ ገሚሶቹን ለፈቱት ልክ አንድ ዶላር ከፈላቸው። ክፍያው ሲቀር የተከፈላቸው ተማሪዎች በትርፍ ጊዜያቸው እንቆቅልሹን መንካት ቀነሱ። ሲከፈለው ጨዋታው ሥራ ሆነ፤ ክፍያው ሲቀር ሥራው ቀረ። እርከኑም እንዲሁ ሆነ ማለት ይቻላል፤ ስንዴው ያስተማረው «እርከን ስንዴ ያመጣል» የሚለውን እንጂ «እርከን አፈር ያድናል» የሚለውን አልነበረም።

ነገር ግን ዴሲ ብቻውን አይበቃም። ተማሪዎቹ እንቆቅልሹን የማን ነው ብለው አልጠየቁም፤ የወሎ ገበሬ ግን ጠይቋል። በየካቲት 1967ቱ አዋጅ መሬት የመንግሥት ሆነ። የገበሬ ማህበሩ እየደጋገመ ያከፋፍለዋል። ዛሬ እርከን የሠራሁበት ማሳ ነገ ለሌላ ሊሰጥ ይችላል፤ የተከልኩትን ዛፍ ልቁረጥ ብል ፈቃድ የለኝም። እንዲህ ባለ ሁኔታ እርከን አለመንከባከብ ስንፍና ነው ወይስ ትክክለኛ ሒሳብ? ቆየት ብሎ በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ደብተር መሰጠት ሲጀመር፣ በክልሉ የተደረገ ጥናት ደብተር ያገኙ ገበሬዎች በአፈርና ውሃ ጥበቃ ላይ የሚያፈሱት ጉልበት እንደጨመረ አሳይቷል። ለዚያ ሦስት ኪሎ ስንዴ አላስፈለገም።

በ1977ቱ ረሃብ ደግሞ ስንዴ ከዚህ የከፋ ነገር አስተማረ። ከቆቦ ወደ ሰሜን፣ ከአላማጣ በላይ ደጋው ላይ ያለችው ኮረም ያኔ ወሎ ውስጥ ነበረች፤ የዓለም ካሜራ ረሃቡን ያየው እዚያ ነው። በዚያው ሰሞን መንግሥት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600 ሺህ ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አሰፈረ። ብዙዎቹ ወደው አልሄዱም። እህል የሚታደልበት ቦታ ለሠፈራ ሰው የሚለቀምበት ቦታም ሆነ። የድንበር የለሽ ሐኪሞች የፈረንሳይ ቡድን ይህን በአደባባይ በመናገሩ በ1978 ዓ.ም. ከአገር ተባረረ።

የፓቭሎቭን ውሻ ታስታውሱታላችሁ፤ ምልክቱን ሲሰማ ምግብ እንደሚመጣ አውቆ ለሃጩ የሚዝረከረከውን። እዚህ ግን ተገልብጦ ተመለከትነው። ምግቡ ራሱ የመኪናው ምልክት ሆነ። የተራበ ሰው እህል ከሚታደልበት ቦታ ሲሸሽ ምን ትሉታላችሁ? የጠባቂነት መንፈስ?

የጠባቂነት ወቀሳ ጠንካራው ምሁራዊ መሸሸጊያ ግን ሌላ ነው፤ የማርቲን ሴሊግማንና የስቲቨን ማየር የ1967 ሙከራ። ምንም ቢያደርጉ ሊያቆሙት የማይችሉት የኤሌክትሪክ ንዝረት የደረሰባቸው ውሾች፣ በኋላ መውጫ ሲከፈትላቸው እንኳ ተኝተው ተቀበሉት። «የተማሩት አቅመ ቢስነት» ተባለ። ሁለቱ ሰዎች ግን በ2016 ተመልሰው ያኔ ነገሩን ገልብጠን ነው የተረዳነው አሉ። በአእምሮ ጥናት እንደታየው ለረጅም መከራ ዝም ማለት ሳይማሩት የሚመጣ ነው፤ የሚማሩት «ነገሩ በእጄ ነው» ማለትን ነው። ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም። «ስንፍናን ማን አስተማረው?» የሚለው ጥያቄ «ነገሩ በእጅህ ነው ብሎ ማን አሳየው?» ወደሚል ይቀየራል።

የወሎ ማስረጃም እጅ ማጣጠፍን አያሳይም። ደሳለኝ ራህመቶ ስለ 1977ቱ ረሃብ አምባሰል ላይ ባደረገው ጥናት ያገኘው የመትረፍ ዘዴ የሚቀይስ ሰው ነው፤ ምግብ የሚቆጥብ፣ ያለውን በተራ የሚሸጥ፣ ጉልበት ሽያጭ የሚሰደድ። አንትሮፖሎጂስቱ ፒተር ሊትል ደግሞ በደቡብ ወሎና አካባቢው የእርዳታ ጥገኝነትን አጥንቶ በ2008 ባሳተመው ጽሑፍ ጥገኝነት የሚባለው በአብዛኛው ተረት መሆኑን ጻፈ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ እርዳታው ትንሽ ነበር፣ ይዘገያል፣ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። እንኳን ሊደገፉበት ሊያቅዱበትም አይመችም።

ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ራያ ቆቦን ጨምሮ በተመረጡ ወረዳዎች ሊያስተካክል የሞከረው ይህንኑ ነበር። ለአንድ ሰው በወር አምስት የሥራ ቀን፣ ለቀኑ ስድስት ብር ወይም ሦስት ኪሎ እህል፣ በዓመት ስድስት ወር። ሐሳቡ ክፍያው እንዲታወቅ ነው። ሰው ነገ ምን እንደሚያገኝ ካወቀ በሬውን አይሸጥም። ቀጥሎ ግን «ምርቃት» መጣ፤ ቤተሰቡ የተወሰነ ጥሪት ሲይዝ ከፕሮግራሙ ይወጣል። እስቲ እንደ ቶርንዳይክ አስቡት፦ ላም ስትጨምር ክፍያህ ከተቋረጠ የተቀጣው የትኛው ድርጊት ነው? ላም መጨመር!

በ2010 ተመራማሪዎች በምዕራብ ሐረርጌ ዶባ ወረዳ ሌላ ነገር ሞከሩ። ለተወሰኑ ገበሬዎች እንደነሱው ባለ ኑሮ ጀምረው የተሻሻሉ ሰዎችን ታሪክ የሚያሳዩ አጫጭር ፊልሞችን አሳዩ። እህልም ብርም አልተሰጠም። ከስድስት ወር በኋላ ፊልሙን ያዩት ቁጠባቸውና ለልጆች ትምህርት የሚያደርጉት ነገር መጠነኛ ጭማሪ አሳየ። ፊልም ዝናብ አያዘንብም፤ መሬትም አይሰጥም። ግን አልበርት ባንዱራ ሲለው የኖረውን ያስታውሳል፤ ሰው የሚማረው በራሱ ላይ ከደረሰው ብቻ ሳይሆን እሱን ከመሰለ ሰው ነው።

በሰኔ 2023 የዓለም የምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካው የተራድኦ ድርጅት እህል ለታለመለት ሰው አልደረሰም በሚል የኢትዮጵያን የምግብ እርዳታ ለወራት አቆሙ። እህሉን ያዞረው ጠባቂ የተባለው ገበሬ አልነበረም፤ የቆመው ግን የእሱ ራሽን ነው። ለአርባ ዓመት በኪሎ ሜትር እርከን ሲቆጥር፣ ኮታ ሲሞላ፣ ለሪፖርት ሲሸለም የኖረው ቢሮ ነው። ሽልማት ምን ያስተምራል የሚለውን ጥያቄ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ የምታነሱ ከሆነ ከቢሮው ጀምሩ። የቆቦው ገበሬ እንደሆነ የበልጉን ደመና እያየ ደጋሊት ወይስ ጤፍ የሚለውን እያሰላ ነው።