ለመዳፍ የሚሆን ማውስ፤ ከጃን ሜዳ ዱላ እስከ ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት

ባለፈው ሰሞን ከመካከላችን አንዱ የጌም ማውስ ሊገዛ ወጥቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ብር አጥሮት አይደለም። ሱቁ ውስጥ የተደረደሩት ማውሶች፣ በቀይም በሰማያዊም መብራት የሚያብለጨልጩት ሁሉ፣ በቀኝ እጅ ቅርጽ የተሠሩ ነበሩ፤ እሱ ደግሞ ግራኝ ነው። ሻጩ ግራ ተጋብቶ አየውና "ወንድሜ፣ ትለምደዋለህ" አለው። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችን ይቺ "ትለምደዋለህ" ናት። ወዳጃችን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማት ኖሯል። እርሳስ በግራው ሲይዝ እጁን በማስመሪያ ይመቱት የነበሩት መምህርም (ትምህርት ቤቱን አንጠራም) ከምቱ ቀጥሎ የሚናገሯት ይህችኑ ነበር።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ስለ ማውስ ታሪክ ልናወራ ነው። "ይሄ ደግሞ ታሪክ ተብሎ?" የሚል አይጠፋም። እኛ ግን ታሪክ የሚገኘው ዙፋንና ጦር ሜዳ ላይ ብቻ ነው ብለን አናምንም። የአንድ ሰፈር ልጅ እጅ ምን ይዞ እንደተጫወተ፣ የያዘውን ዕቃ ራሱ መርጦት ይሁን ወይስ ተሰጥቶት፣ ይሄም ታሪክ ነው።

ከገና እንጀምር። ታኅሣሥ 29 ቀን ጃን ሜዳ ሄዶ የገና ጨዋታ ያየ ሰው ዱላውን ልብ ይለዋል። ጫፉ ቆልመም ያለ፣ አንዱ ረዘም ሌላው አጠር ያለ፣ አንዱ ወፈር ሌላው ቀጠን ያለ ነው። ሁለት ተመሳሳይ ዱላ ማግኘት ይቸግራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዱላው ከዛፍ ሲቆረጥ ባለቤቱ አብሮ ነበረ። ቁመቱን ከቁመቱ፣ ውፍረቱን ከጭብጡ ጋር ለክቶ፣ የሚበዛውን ልጦ፣ የሚጎረብጠውን አለስልሶ ነው ለጨዋታ ይዞት የሚወጣው። ዱላ ደግሞ ቀኝና ግራ አይልም፤ ግራኙ ገልበጥ አድርጎ ጥንጓን ይመታል፤ "ትለምደዋለህ" የሚለው የለም።

ወደ አራዳ ስንወርድ ነገሩ ይለወጣል። አራዳ የገበያ ሰፈር ነበር። ጊዮርጊስን ተጠግቶ የሚውለው ያ ገበያ፣ ጣሊያን ወደ ምዕራብ ገፍቶት ዛሬ መርካቶ የምንለው እስኪፈጠር ድረስ፣ የከተማው አዲስ ዕቃ ሁሉ መጀመሪያ የሚራገፍበት ቦታ ነበር። አዲስ ነገር ደግሞ ስም ይወጣለታል። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግድም ሲኒማ ሲመጣ ሕዝቡ ቤቱን "የሰይጣን ቤት" አለው። (ከመቶ ዓመት በኋላ እናቶቻችን ስለ ኢንተርኔት ቤትና ስለ ፕሌይስቴሽን ቤት የሚሉትን ስንሰማ ትንሽ ፈገግ ያልነው ለዚህ ነው።) ከ1928 ዓ.ም. በኋላ ፒያሳ የሚለው ስም መጣ፤ ጣሊያኖቹ ሲሄዱ ስሙ ቀረ። ከስሙ ጋር ማኪያቶውም ከረምቡላውም ቀረ። የፒያሳ ልጅ በፑልና በከረምቡላ ቤት፣ በጆተኒ እጀታ ላይ አደገ።

የፑል ቤት ዱላ ከገናው ዱላ ይለያል። የማንም አይደለም። ግድግዳ ላይ ተደግፎ የሚጠብቅ ነው፤ የደረሰ ያነሣዋል። አራዳው ግን እዚያም መላ አለው። ዱላውን ጠረጴዛው ላይ አንከባሎ መጣመም አለመጣመሙን ያያል፤ ክብደቱን በሁለት ጣቱ ሚዛን ያደርጋል፤ ከአምስቱ ዱላ ሁለቱን ያውቃቸዋል፤ ሦስተኛውን ለፋራው ይተውለታል። ከተዘጋጀው መምረጥ ማለት ይሄ ነው። ልክህን ማሠራት ቀርቷል፤ ለልክህ የሚቀርበውን ቶሎ ማወቅ ግን አለ።

ከዚያ ደግሞ ምርጫ ጭራሽ የሌለበት መሣሪያ መጣ፤ የጽሕፈት መኪና። ቁልፎቹ ለሌላ ፊደል የተቆጠሩ ናቸው፤ ቁጥራቸው አርባ ምናምን ሆኖ በላይና በታች ቢረገጡ ከዘጠና ገደማ ምልክት አያልፉም። የእኛ ፊደል ደግሞ ሰባቱን ቤት ይዞ ከሁለት መቶ ሠላሳ በላይ ነው። በ1920ዎቹ ኢንጂነር አያና ብሩ ችግሩን የፈቱት ፊደሉን ከፋፍሎ በመቀጠል ነበር፤ ግንዱ አንድ ቁልፍ፣ ካዕብና ሣልስ የሚያደርገው ቅጥያ ሌላ ቁልፍ። ብልሃቱ ትልቅ ነበር፤ ዋጋውም ነበረው። ቅጥያው ከግንዱ ፈንጠር ብሎ የተቀመጠበትን የድሮ ማመልከቻ ያየ ያውቀዋል። ያኔ ማሽኑ ለፊደሉ ሳይሆን ፊደሉ ለማሽኑ ይስተካከል የሚሉ ሰዎችም ተነሥተው ነበር። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሙሉውን እስኪገባ ድረስ ክርክሩ በደንብ አልበረደም። "ትለምደዋለህ" ለፊደልም ተብሏል ማለት ነው።

ወደ ማውሱ እንሂድ። የመጀመሪያው ማውስ ከእንጨት ነበር! እ.ኤ.አ. በ1964 አካባቢ በካሊፎርኒያ የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ውስጥ ዳግላስ ኤንግልባርት አሰበው፣ ቢል ኢንግሊሽ ሠራው። የእንጨት ሣጥን፣ ከሥሩ ሁለት ጎማ፣ ከላዩ አንድ ቁልፍ። ዲሴምበር 9 ቀን 1968 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ለሕዝብ ሲያሳዩት ግን ከማውሱ ሌላ አንድ ነገር ነበር፤ እሱ ነው የሚያስቆጨን። ኤንግልባርት በቀኝ እጁ ማውስ ሲይዝ በግራ እጁ ደግሞ እንደ ፒያኖ የሚጫኑ አምስት ቁልፎች ያሉት ሌላ መሣሪያ ይዞ ነበር። በእሱ ሐሳብ ሁለቱም እጅ የራሱ ሥራ፣ የራሱ ዕቃ ነበረው። ዓለም የቀኙን ወሰደ፤ የግራውን ጣለ። ሰውየውም ከማውስ ሀብታም አልሆነም፤ የፈጠራ መብቱ የተቋሙ ስለነበር ከያንዳንዱ ማውስ ሽያጭ የሚደርሰው ነገር አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ፈጠን ያለ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ማኪንቶሽ ማውስን ወደ ተራው ሰው ጠረጴዛ አመጣው። በ1999 ማይክሮሶፍት ኳሱን አውጥቶ በብርሃን የሚሠራውን ኢንቴሊማውስ ኤክስፕሎረር አወጣ፤ በዚያው ዓመት ራዘር ቡምስላንግ የተባለውን ለጌም ብቻ የታሰበ ማውስ ሸጠ። በ2000 ካውንተር ስትራይክ ገበያ ወጣ። ከዚያ በኋላ ማውስ የጽሕፈት ቤት ዕቃ ብቻ መሆኑ ቀረ።

እኛ ጋስ? ቴሌ ኢንተርኔትን የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። ኢንተርኔት ቤቶች ፒያሳን ሲሞሏት ሒሳቡ በደቂቃ፣ በሳንቲም ይቆጠር ነበር። ጌም በብዛት የምንጫወተው ኢንተርኔቱ ሲሄድ ነው፤ መስመር ሲቋረጥ ባለቤቱ ይበሳጫል፣ እኛ ደስ ይለናል፤ ኮምፒውተሮቹ እርስ በርሳቸው ተያይዘዋልና። ማውሶቹ ኳስ ያላቸው፣ ቀለማቸው ከነጭ ወደ ሻይ የተለወጠ፣ ገመዳቸው በፕላስተር የተጠቀለለ ነበሩ። ጠቋሚው አልሄድ ሲል ኳሱን አውጥቶ በሸሚዝ መጥረግ፣ ውስጡ ያሉትን ዘንጎች በጥፍር መፋቅ የግድ ነው። ኳሱ ተሰርቆ ባዶ ማውስ የሚሰጠንም ቀን ነበር። ከሥሩ የሚነጠፈው የደብተር ሽፋን ነው።

አንድ ነገር ግን ቆይቶ ነው የገባን። ጠረጴዛው ላይ ለማውስ የሚተርፈው ቦታ ስንዝር አይሞላም ነበር፤ በግራ በኩል የሌላው ልጅ ኪቦርድ፣ በቀኝ በኩል ግድግዳ። ስለዚህ ሁላችንም የማውሱን ፍጥነት እስከ ጥግ ከፍ አድርገን በአንጓችን ብቻ መጫወት ለመድን። ዛሬም ትልቅ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን ክርናችን አይንቀሳቀስም። አያያዝ ተፈጥሮ ነው ይሉናል፤ የእኛ ግን የፒያሳ ኪራይ ያስተማረን ነው።

ግራኙ ወዳጃችንም በዚያ ቤት ታሪክ አለው። ተቀምጦ መጀመሪያ የሚያደርገው ማውሱን ወደ ግራ ማሻገር፣ ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብቶ ቀኝና ግራ ቁልፉን መገልበጥ ነበር። ሰዓቱ ሲያልቅ መመለሱን ይረሳዋል። ቀጥሎ የሚቀመጡት አንድ ጎልማሳ ደግሞ ኢሜይላቸውን ሊከፍቱ በተጫኑ ቁጥር ሌላ ነገር ይወጣባቸዋል። "ቫይረስ ገባ!" ተብሎ ቤቱ የተረበሸበት ቀን አለ። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ወዳጃችንን ባየ ቁጥር "አንተ ቫይረሱ፣ ገባህ?" ይለው ነበር።

ያ ርካሽ ማውስ ግን፣ አሁን ስናስበው፣ ለግራኝ ፍትሐዊ ነበር። ግራና ቀኙ እኩል፣ እንደ ሳሙና ድቡልቡል ስለነበር ለማንም አልተሠራም፤ ስለዚህ ማንንም አላገለለም። ግራኝን በር ላይ ያስቀረው "ለምቾት የታሰበው" ውዱ ማውስ ነው። አውራ ጣት የሚያርፍበት ጎድጎድ፣ ወደ ቀኝ ዘንበል ያለ ጀርባ፣ በጎን ሁለት ቁልፍ፤ ሁሉም ለቀኝ መዳፍ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የራዘር ዴዝአደር ዝነኛ የሆነው በዚህ ቅርጹ ነው። ኩባንያው በኋላ ለግራኝ የሚሆን አውጥቶ ነበር፤ እንዲህ ያሉት ግን ጥቂት ናቸው፤ አዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ ማግኘትማ ሌላ ጉዳይ ነው።

ለማንኛውም፣ ወዳጃችን ከሱቁ ሲመለስ ተሰብስበን በማስመሪያ መዳፋችንን ለካን። ከአንጓው መታጠፊያ እስከ መሐል ጣት ጫፍ። በእኛ መካከል ትንሹ 17፣ ትልቁ 20 ሳንቲ ሜትር ተኩል ሆነ። ተጫዋቾች የሚጠቀሙበት አንድ ግምት አለ፤ የማውሱ ርዝመት የመዳፉ 60 በመቶ ገደማ ይሁን ይላሉ። ለ17ቱ 10 ሳንቲ ሜትር አካባቢ፣ ለ20 ተኩሉ 12 ከትንሽ ይመጣል። ሕግ አይደለም፤ አያያዝ ይለውጠዋል።

አያያዙ ሦስት ዓይነት ነው። መዳፉን ሙሉ በሙሉ ማውሱ ላይ የሚያሳርፍ ሰው ረዘም ያለ፣ ጀርባው ከፍ ያለ ቢይዝ ይሻለዋል፤ እጁ ያርፋል፣ ለረጅም ሰዓትም ይመቻል። ሁለተኛው የመዳፉን ሥር ብቻ አስነክቶ ጣቶቹን እንደ ጭልፊት ጥፍር ቀስት የሚያደርግ ነው፤ ለእሱ ጉብታው ወደ ኋላ የቀረበና ፊቱ ዝቅ ያለ ይስማማዋል። ሦስተኛው መዳፉን ጭራሽ አያስነካም፤ በጣት ጫፍ ብቻ ያንቀሳቅሰዋል፤ አጭር፣ ዝርግና ቀላል ይፈልጋል። ዛሬ ከ60 ግራም በታች የሆነም አለ፤ ድሮ ከ100 ግራም በላይ መሆኑ ተራ ነገር ነበር። ከመካከላችን አብዛኛው ሁለተኛው ዓይነት ሆኖ ተገኘ፤ ምክንያቱን ከላይ ነግረናችኋል፤ ስንዝር በማይሞላ ቦታ መዳፍ ማሳረፍ ቅንጦት ነበር።

ሱቅ ውስጥ ስትገቡ መብራቱን አትዩት። ሻጩ ስለ ዲፒአይ ሺህ ቤት ቁጥር ቢጠራላችሁም አትደንግጡ፤ በውድድር የሚጫወቱት እንኳ አብዛኞቹ ከ400 እስከ 1600 ባለው ውስጥ ናቸው። ይልቅ ማውሱን ይዛችሁ ቁሙ፤ አምስት ደቂቃ ቢቻል አሥር ደቂቃ። ትንሿ ጣት ጠረጴዛው ላይ እየተጎተተች ከሆነ ጠቦባችኋል። ቁልፉን ለመጫን ጣታችሁን መዘርጋት ካስፈለጋችሁ ሰፍቷችኋል። አውራ ጣታችሁ ሳታውቁት ጭምቅ አድርጎ ከያዘ ቅርጹ ወይም ክብደቱ አልተስማማም። ከአውራ ጣት እስከ መሐል ጣት ያለው የሚደነዝዛችሁ ከሆናችሁ ደግሞ ማውስ ከመቀየር በፊት ሐኪም እዩ፤ በአንጓ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ሲጫን የሚያሳየው ምልክት ነው፤ "ትለምደዋለህ" የሚባልበት አይደለም።

እኛ የተጫወትንባቸው ቤቶች ዛሬ የሉም። ከፊሎቹ ኢንተርኔት በየኪሱ ሲገባ ቀደም ብለው ተዘግተው ነበር፤ የቀሩት ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ለኮሪደር ልማት ስትፈርስ፣ ዶሮ ማነቂያም ስትሄድ፣ አብረው ሄዱ። ባለፈው እሑድ ስንዞር ያ ጠባብ ጠረጴዛ የነበረበትን ቦታ ለመለየት ተከራከርን፤ አንዱ ከመብራቱ ምሰሶ ወዲህ ነው ሲል ሌላው ወዲያ አለ። አልተስማማንም።

ወዳጃችን በስተመጨረሻ ማውስ አገኘ። ግራና ቀኙ እኩል የሆነ፣ 12 ሳንቲ ሜትር፣ መብራት የሌለው፣ ከሁሉ ርካሹ። ሌላ ሱቅ ነው የገዛው። ቤቱ ገብቶ በግራው ያዘው፣ ቁልፎቹን ገለበጠ፤ ማታ ታናሽ እህቱ ፊልም ልትከፍት ተቀምጣ "ይሄ ነገር ቫይረስ አለበት እንዴ?" ብላ ጮኸች።