ከጨረር ቀበቶዎች በታች፦ መርካቶ፣ አራት ኪሎና የሕዋ አየር ጠባይ ምርምር ቀጣይ መንገድ

መርካቶ የተገዛ ዲሽ የሚይዘው የኢትዮሳት ሥርጭት የሚወርደው ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ካለ ሳተላይት ነው። ታክሲ ስንጠራ ያለንበትን የሚጠቁመው የጂፒኤስ ሳተላይት ደግሞ 20,200 ኪሎ ሜትር ላይ ይዞራል። ሁለቱም ጀምስ ቫን አለን በ1958 (ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ካገኛቸው የጨረር ቀበቶዎች በውጫዊው ክልል ውስጥ ናቸው። የጨረሩን አደጋ ካናዳ በጥር 1994 ቀምሳዋለች፤ ኃይለኛ ኤሌክትሮኖች በአኒክ ሳተላይቶች አካል ውስጥ ተጠራቅመው መቆጣጠሪያቸውን ሲያበላሹ የቴሌቪዥንና የስልክ አገልግሎት ተቋረጠ።

የቀበቶዎቹ ምርምር ሁለቱ የቫን አለን መንኮራኩሮች በ2019 ሥራ ካቆሙ ወዲህ ወደ ትንንሽ ሳተላይቶች እያዘነበለ ነው። ከግንቦት 2024ቱ ታላቅ ማግኔታዊ ማዕበል በኋላ ሁለት ጊዜያዊ ቀበቶዎችን ያገኘችው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ሳተላይት የጫማ ካርቶን ብታክል ነው። ኢትዮጵያም አንድ ቀን እንዲህ ያለ መሣሪያ ታመጥቅ ይሆናል። ለጊዜው ግን ድርሻችን ከመሬት ነው፤ ይህም ቀላል ድርሻ አይደለም።

ቀበቶዎቹ በተገኙበት በዚያው 1958 ካናዳዊው ኢየሱሳዊ አባ ፒየር ጉዌን ያደራጁት የማግኔት መመልከቻ ጣቢያ አራት ኪሎ ላይ መመዝገብ ጀመረ። ጣቢያው ከማግኔታዊው ወገብ አጠገብ ነው። ቀን ቀን ከ100 ኪሎ ሜትር ከፍታ በላይ፣ በአዮኖስፌር ውስጥ፣ ጠንካራ የኤሌክትሪክ ጅረት ወደ ምሥራቅ ይፈሳል፤ ቀትር ላይ የጣቢያው ንባብ በግልጽ ሽቅብ ይወጣል። ዓለም የማዕበልን ብርታት የሚለካበት ዲኤስቲ የተባለው መለኪያ ከሄርማነስ፣ ከካኪዮካ፣ ከሆኖሉሉና ከሳን ሁዋን የሚሰላው፣ እንዲህ ያለው ጅረት እንዳይቀላቀልበት ነው። ለዲኤስቲ እንከን የሆነው ለአዮኖስፌር ተመራማሪ ግን ሀብት ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በዚሁ ወገብ ላይ የሚነሡት የፕላዝማ አረፋዎች፣ በተለይ በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ፣ የጂፒኤስን ምልክት ያንቀጠቅጣሉ። በአፍሪካ ሰማይ የሚበዙበት ምክንያት እስካሁን ያከራክራል። እንዳወቀ ይዘንጋውና ማርክ ሞልድዊን አዲግራትን ጨምሮ በአህጉሩ የዘረጉት አምበር የማግኔቶሜትር መረብ የተነሣው ይህን የመረጃ ክፍተት ለመሙላት ነው።

አዲስ አበባ ግን ለማግኔት መለኪያ ጸጥታ የላትም። ከ2015 ጀምሮ በመርካቶ አካባቢ፣ በሰባተኛና በአውቶቡስ ተራ የሚያልፈው ቀላል ባቡር በ750 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት ይሄዳል። እንዲህ ካለ ሐዲድ ወደ መሬት የሚያፈተልክ ጅረት ማግኔቶሜትርን ማታለሉ የታወቀ ነው። ጃፓን የካኪዮካን ጣቢያ ለመጠበቅ ስትል በአካባቢው የሚያልፉትን ባቡሮች በተለዋዋጭ ጅረት እንዲሄዱ አድርጋለች። ለእኛ የሚበጀው ከከተማ ርቆ ሁለተኛ ጣቢያ መትከልና ሁለቱን ጎን ለጎን ለጥቂት ዓመታት ማስነበብ ነው፤ ጣቢያው ያለዚህ ቢዛወር ከ1958 ጀምሮ የተያዘው መዝገብ ለሁለት ይቆረጣል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይህን ሐዲዱ ሳይበዛ፣ ዛሬውኑ ይወስን።