ለዳኝነት የዋለ ቀን

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቀድሞው ዘመን በአገራችን ሁለት ተከራካሪዎች አላፊ አግዳሚውን በሕግ አምላክ ብለው አስቁመው ዳኝነት ይጠይቁት ነበር። መንገደኛው ወደ ገበያ ቢቸኩልም ጉዳዩን ሰምቶ መፍረድ ይጠበቅበት ነበር። የዚያ ሰው ቀን በማን ሒሳብ ይታሰባል? ይህ ጥያቄ ተራው ዜጋ ለፍርድ በተቀመጠበት አገር ሁሉ የተነሣ ነው።

የጥንት አቴናውያን ዕድሜያቸው ከ30 ዓመት ካለፈ ዜጎች በየዓመቱ 6,000 ዳኞችን በዕጣ ይመርጡ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የዕለቱን ተረኞች የሚለየው መሣሪያ መሐንዲስን የሚያስደስት ነው፤ የስም ሰሌዳዎች በድንጋዩ ስንጥቆች በረድፍ ይሰካሉ፤ ከጎኑ ካለው ቱቦ ነጭ ኳስ ሲወርድ ረድፉ ለፍርድ ይቀመጣል፤ ጥቁር ሲወርድ ወደ ሥራው ይመለሳል። ከዚህ መሣሪያ አስቀድሞ ግን ፔሪክልስ የዳኝነት አበል እንዲከፈል አድርጎ ነበር። አበሉ ኋላ 3 ኦቦል ሲደርስ፣ የኤሬክቴዮንን ቤተ መቅደስ የሚሠራ ድንጋይ ጠራቢ በቀን 6 ኦቦል ያገኝ ነበር። አሪስቶፋኒስ በተውኔቱ ወንበሩን በሽማግሌዎች የሞላው ያለ ምክንያት አይመስልም።

በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1670 ዊልያም ፔንን ጥፋተኛ አንልም ያሉ ጁሪዎች ያለ ምግብ፣ ያለ መጠጥና ያለ እሳት ተዘጋባቸው፤ መቀጫም ተጣለባቸው። ከመካከላቸው ኤድዋርድ ቡሼል አቤት ቢል፣ ዋና ዳኛ ቮን ጁሪ ስለ ሰጠው ፍርድ እንደማይቀጣ ወሰኑ።

በአሜሪካ ደግሞ ቤተሰብ ራሱ ምክንያት ሆነ። ፍሎሪዳ ውስጥ ሴት በፈቃዷ ካልተመዘገበች ለጁሪነት አትጠራም ነበር። ባልዋን በመግደል የተከሰሰች አንዲት ሴት ወንዶች ብቻ ፈረዱባት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1961 ሴት የቤትና የቤተሰብ ማዕከል ናት በማለት ሕጉን አጸና። ይህ አስተሳሰብ የተሻረው በ1975 ነው። በ1978 ደግሞ አሠሪ፣ በፌዴራል ፍርድ ቤት ጁሪ ሆኖ ያገለገለን ቋሚ ሠራተኛ እንዳያባርር ተከለከለ፤ ደመወዙን እንዲከፍል ግን አልተገደደም። ከ2018 ጀምሮ አበሉ በቀን 50 ዶላር ነው።

እንግዲህ የዳኝነቱ ሸክም በዳኛው ጫንቃ ላይ ብቻ ሲወድቅ፣ ወንበሩ ቀኑን ሊሰጥ ለሚችል ሰው ብቻ ይቀራል፤ ተከሳሹም እኩያውን ያጣል። በባዕድ አገር ያሉ የሙያ ጓደኞቻችንን ይህ ጥሪ ይደርሳቸዋል። የሥራ ኃላፊ የሆነ መሐንዲስም ለሲሚንቶ መዘግየት በፕሮግራሙ መጠባበቂያ ቀን እንደሚተው ሁሉ፣ ለፍርድ ለተጠራ ባልደረባውም ቀን ሊተውለት ይገባል።