ግራፊክስ ካርዳችሁ ድንገት ሲሞት፦ «ተቃጥሏል» ከማለታችሁ በፊት የምትሞክሯቸው 8 ነገሮች

ትናንት አሪፍ ሲሠራ የነበረ ኮምፒውተር ዛሬ ይበራል፣ ፋኑ ይዞራል፣ ሞኒተሩ ግን ጨለማ ነው። ወይ ደግሞ የሠርግ ቪዲዮ ሬንደር እየተደረገ ስክሪኑ በቀለም ነጠብጣብ ይሞላና ድርቅ ይላል። ባሕር ዳር ውስጥ ቪዲዮ ኤዲት እያደረገ ወይም ዲዛይን እየሠራ እንጀራውን ለሚበላ ወጣት ይሄ ጨዋታ መቋረጥ ብቻ አይደለም፤ ሥራ መቆም ነው።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ከእጥፍ በላይ ወጥቷል። ካርድ ደግሞ የሚመጣው ከውጭ ነው። ስለዚህ ደህና ካርድ ጥሎ ሌላ መግዛት ከባድ ኪሳራ ነው። ጥፋተኛው ደግሞ ሁልጊዜ ካርዱ አይደለም። ከቀላሉና ነፃ ከሆነው ጀምረን እንሂድ፤ ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ።

1. ኬብሉ

የኤችዲኤምአይ ኬብሉ የተሰካው ካርዱ ላይ ነው ወይስ ማዘርቦርዱ ላይ? ኮምፒውተሩ ለጽዳት ተነስቶ ሲመለስ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። በሌላ ኬብል፣ በሌላ ቀዳዳ ሞክሩ። ሞኒተር ከሌለ የቤት ቲቪም ይሆናል። ሞኒተሩ ላይ የተመረጠው ግብዓትም ትክክል መሆኑን እዩ።

2. ያለ ካርዱ ሞክሩ

ብዙ ፕሮሰሰሮች የራሳቸው ግራፊክስ አላቸው። ኢንቴል ከሆነ ሞዴሉ መጨረሻ ላይ «ኤፍ» የምትባለዋ የእንግሊዝኛ ፊደል ካለች የለውም ማለት ነው። ራይዘን ከሆነ የ7000 ተከታታይ አብዛኞቹ አላቸው፤ ከዚያ በፊት በወጡት ደግሞ «ጂ» ያለበትን ፈልጉ። ካርዱን አውጡና ኬብሉን ማዘርቦርዱ ላይ ሰኩ።

ምስል ከመጣ ችግሩ ካርዱ፣ አቀማመጡ ወይም የሚያገኘው ፓወር ነው። ካልመጣ ግን ካርዱን አትወንጅሉ፤ ራሙን ነቅላችሁ የብረት ጥርሱን በንጹሕ ላጲስ በቀስታ ጥረጉና አንድ በአንድ እየሰካችሁ ሞክሩ። ጨለማ ስክሪን ብዙ ጊዜ ከራም ይመጣል።

3. ነቅላችሁ መልሱት

ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ የግድግዳውን ሶኬት ንቀሉ፣ ከዚያ ማብሪያውን ለ10 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ፤ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል። የኬዙን ብረት ነካ አድርጉ፤ የሰውነት ስታቲክ ካርድ ይጎዳል። ካርዱን የያዘችውን ትንሽ መቆለፊያ ተጭናችሁ አውጡት፣ ጥርሱን ጥረጉት፣ «ቀጭ» እስኪል መልሳችሁ ትከሉት።

ኮምፒውተር ይዞ በጀልባ ወደ ደቅ ወይም ወደ ዘጌ የሚሻገር ሰው ይቺን ልብ ይበል፦ ትልልቅ ካርዶች ከባድ ናቸው፣ በንውጥውጥ ከቦታቸው ይላቀቃሉ። ከመነሳታችሁ በፊት ካርዱን አውጥታችሁ ለብቻው ጠቅልሉት፤ ውሃም እንዳይረጨው። እርጥበት የነካው ዕቃ በደንብ ሳይደርቅ አይበራም።

4. ፓወር ሰፕላይ

ካርዱ ከማዘርቦርዱ እስከ 75 ዋት ይወስዳል። ባለ 6 ፒን ኬብል 75፣ ባለ 8 ፒን ደግሞ 150 ዋት ይጨምርለታል። ኬብሉ ካልተሰካ ወይም ላላ ካለ ካርዱ አይነሳም። ኮምፒውተሩ ዴስክቶፕ ላይ ደህና ሆኖ ጌም ወይም ሬንደር ሲጀምር ቀጥ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፓወር ሰፕላይ ነው። ከጓደኛ ደህና ፓወር ሰፕላይ ተውሳችሁ ሞክሩ። ራሱን ፓወር ሰፕላዩን ግን በፍጹም አትክፈቱት፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ የሚገድል ቮልቴጅ ሊይዝ ይችላል።

5. ድራይቨር

የኩባንያው አርማ ሲመጣ ምስሉ ደህና ሆኖ ዊንዶውስ ሲገባ የሚበላሽ ከሆነ ድራይቨሩን ጠርጥሩ። ስክሪኑ ድንገት ሲጠቁር የዊንዶውስ ቁልፍ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ቢ አንድ ላይ ተጫኑ፤ ድራይቨሩ እንደገና ይነሳል። ካልሆነ በሴፍ ሞድ ገብታችሁ ዲዲዩ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የድሮውን ድራይቨር አጽዱና እንደ አዲስ ጫኑ። ችግሩ የጀመረው ከአፕዴት በኋላ ከሆነ የቀድሞውን መልሱ።

ዋይፋይ ከሌለ ስልካችሁን በዩኤስቢ አገናኝታችሁ ዳታ ማጋራት ትችላላችሁ። የሚሠራውን ድራይቨር ፍላሽ ላይ አስቀምጡት፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ያየ ሰው ይሄን አይንቅም። የኤንቪዲያ 900 እና 10 ተከታታይ ካርድ ያላችሁ ደግሞ በ580 የሚጀምረው ድራይቨር ለእናንተ የመጨረሻው ትውልድ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን አትፈልጉ።

6. ሙቀት

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች በ20 በመቶ አካባቢ የሳሳ ስለሆነ ፋን እኩል ዞሮ እኩል አያቀዘቅዝም። አቧራ ሲጨመርበት ደግሞ በቃ! ጂፒዩ-ዚ ወይም ኤችደብሊው-ኢንፎ ጭናችሁ ሙቀቱን እዩ። በሥራ ላይ እስከ 80ዎቹ መጀመሪያ ብዙ ካርድ ይችላል፤ 90 እየተጠጋ ከሆነ ግን አጽዱት። በብሩሽ ወይም በአየር ስታጸዱ ፋኑን በጣት ያዙት፣ በኃይል እንዳይሽከረከር። የቆየ ካርድ ከሆነ የደረቀውን ቴርማል ፔስት ማስቀየር ብዙ ለውጥ ያመጣል።

7. ነጠብጣብና መስመር

ነጠብጣቡ ዊንዶውስ ሳይገባ ባዮስ ላይም ከታየ፣ በሌላ ሞኒተርም ያው ከሆነ፣ የካርዱ ሚሞሪ ወይም ቺፑ ተጎድቷል ማለት ይቻላል። ሥራ ላይ ብቻ የሚታይ ከሆነ ኦቨርክሎክ ካለ አጥፉ፣ ፍጥነቱንም በአፍተርበርነር ትንሽ ቀንሱ፤ ለጊዜው ሊያሠራችሁ ይችላል። «ኦቨን ውስጥ አስገባው ይድናል» የሚለውን ቪዲዮ ግን አትከተሉ። ቢነሳም አይቆይም፣ ጭሱም መርዝ ነው።

8. መብራት

የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው ይባላል፤ ሲዋዥቅ ግን ሁላችንም እናውቃለን። አደገኛዋ ሰዓት ሄዶ ሲመለስ ነው። መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ስታቢላይዘር ለቮልቴጅ መዋዠቅ፣ ዩፒኤስ ደግሞ ፋይል ሴቭ አድርጎ ለማጥፋት ይረዳል። በሶላር የምትጠቀሙ ኢንቨርተሩ ንጹሕ ሳይን ዌቭ የሚያወጣ ይሁን፤ አቅሙም ኮምፒውተሩን ሥራ ላይ እያለ የሚችል።

ጥገና ከሰጣችሁ፣ ወይም ያገለገለ ከገዛችሁ

ለጥገና ከመስጠታችሁ በፊት ካርዱን ከፊትና ከኋላ፣ የሴሪያል ቁጥሩን ጨምሮ ፎቶ አንሱ። የተቀየረ ዕቃ ይዞ ከመመለስ ያድናል።

ስትገዙ ደግሞ ካርዱ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ፣ ቢያንስ 20 ደቂቃ ጌም ወይም ሬንደር እየሠራ ሳታዩ ብር አትቁጠሩ። ኢቴሪየም በመስከረም 2015 ዓ.ም. በግራፊክስ ካርድ መመረቱን ሲያቆም ለዓመታት ቀን ከሌት የሠሩ ካርዶች በዓለም ገበያ ላይ ፈሰዋል፤ ሁሉም መጥፎ ናቸው ማለት አይደለም፣ ፋንና ፔስታቸው ግን ይታይ። ሌላው አደጋ ፎርጅዱ ነው፦ አሮጌ ካርድ ባዮሱ ተቀይሮ «1050 ቲአይ» ተብሎ ይሸጣል። እንዲህ ዓይነቱ ካርድ ትክክለኛ ድራይቨር ሲጫንበት «ድንገት ሞተ» ይባላል፤ ሲጀመርም ሌላ ካርድ ነበር። ጂፒዩ-ዚ ብዙዎቹን ፎርጅዶች ይለያል።

በአጭሩ

ያለ ካርዱም ምስል ከሌለ፦ ራምና ማዘርቦርድ።
ሥራ ሲበዛ ቀጥ ብሎ ከጠፋ፦ ፓወር ሰፕላይ፣ ከዚያ ሙቀት።
ዊንዶውስ ላይ ብቻ ከተበላሸ፦ ድራይቨር።
ባዮስ ላይም ነጠብጣብ ካለ፦ ካርዱ ራሱ።

ካርዱን በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ያው ችግር ከታየ፣ ያኔ ነው «ሞቷል» የሚባለው። ኮምፒውተሩ ሲሞት ይሄን ፖስት ፈልጋችሁ ላታገኙት ስለምትችሉ አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ ሴቭ አድርጉት፤ ኤዲተር ጓደኛ ላላችሁም ሼር።