ሻንጣው የት ያድራል?

«አንተስ እሺ፤ ሻንጣህ የት ያድራል?» አሉኝ።

ናይሮቢ ነኝ፤ ኪሊማኒ ሰፈር፣ ከአርግዊንግስ ኮዴክ መንገድ ገባ ብሎ ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት ደጃፍ። ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፏል። የመጣሁበትንና የምቀጥልበትን ቲኬት ለየብቻ ስለቆረጥኩ ሻንጣዬም እዚሁ ከእኔ ጋር ወርዷል፤ ወደ አዲስ አበባ የምሳፈረው ደግሞ ሊነጋጋ ሲል ነው። የቤቱ ባለቤት ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሸርጠው፣ እኔን ትተው ሻንጣውን ያያሉ። ለእኔ ፎቅ ላይ አንድ አልጋ ተገኝቷል። ደረጃው ግን ጠባብ ነው፤ ሻንጣው ደግሞ 30 ኪሎ ሊሞላ ምንም አልቀረው።

«ከዘበኛው ጋር እዚሁ ይደር፣ እትዬ» አልኩ።

በስዋሂሊ ነገሩት። ዘበኛው ከመሳቢያው ነጭ ፕላስተር አወጣ፣ በጥርሱ ቆረጠ፣ እጀታው ላይ ለጠፈና በእስክሪብቶ «ምዚጎ» ብሎ ጻፈበት። ሸክም ማለት ነው።

እንቅልፍ እስኪወስደኝ ስጫወትበት የቆየሁት ያ «ያድራል» ነው። ሰው ማደሩ ይገባኛል። ሻንጣ እንዴት ያድራል? በአማርኛ ግን የማያድር ነገር የለም፦ ወጥ ያድራል፣ ሥራ ያድራል፣ ዕዳ ያድራል፣ ቂም ያድራል። ሌሊት ያለፈበት ሁሉ አዳሪ ነው።

የቃሉ አባት ግእዙ ኀደረ ነው። ኀለፈ የነበረው አለፈ እንደሆነ ሁሉ፣ ኀደረም በአማርኛ አፍ ላይ የጉሮሮ ድምፁን ጥሎ አደረ ሆነ። መንገደኛን ከጧት እስከ ማታ የሚሸኙት ሁለቱ ቃላት፣ ማለፍና ማደር፣ አንድ ዓይነት ፊደል ጥለው ነው ወደ እኛ የመጡት። ዕብራይስጥ ክፍልን ሔዴር ይላል፤ የሥሩ ዘመድ ነው።

በግእዙ ግን ኀደረ የአንድ ሌሊት ነገር አልነበረም። መኖር፣ መስፈር፣ መቀመጥ ነው። በዮሐንስ ወንጌል 1፥14 ላይ ቃል ሥጋ ሆኖ በሰው መካከል ለመኖሩ የግእዙ ተርጓሚ የመረጠው ግሥ ይኸው ነው፤ ግሪኩ እዚያ ላይ የተጠቀመው ድንኳን መትከልን የሚያመለክት ቃል መሆኑ ደግሞ ለመንገደኛ ደስ ይላል። ከኀደረ የወጣው ማኅደርም መኖሪያ ማለት ነው። እመቤታችን ማኅደረ መለኮት የምትባለው ለዚህ ነው። ኋላ ግን ማኅደር መጽሐፍ ተከቶ በትከሻ የሚንጠለጠልበት የቆዳ ማንገቻ ስም ሆነ፤ ዳዊት የያዘ መንገደኛ ቄስ ጎን ላይ የሚታየው ነው። ከዚያም ወደ ቢሮ ገብቶ ፋይል ሆነ፤ ዛሬ «የግል ማኅደርህ የለም» የሚልህ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ቤት እንደሌለህ እየነገረህ መሆኑን አያውቅም። ለእኔ የሚጥመኝ መካከለኛው ትርጉም ነው። ማደሪያውም ሻንጣውም አንድ ቃል ነበሩ ማለት ነው፤ የእትዬ ጥያቄ እንግዲያው ካሰብኩት የቆየ ኖሯል።

አማርኛ ኀደረን ሲወስድ አጠበበው፤ መኖርን ወደ አንዲት ሌሊት አወረደው። ቀጥሎ ደግሞ ያቺን ሌሊት መልሶ ዘረጋት። ሌሊቱን ሠርቶ ያደረ፣ ሠርቶ የኖረ ሆነ። አርሶ አደር፣ አርብቶ አደር፣ ወዝ አደር። በደርግ ዘመን የፓርቲው ጋዜጣ ስም ሠርቶ አደር ነበር። ወታደርም በተለምዶ የሚፈታው «ወጥቶ አደር» ተብሎ ነው፤ ከቤቱ ውጭ የሚያድር ሰው። ለጌታ ማደር፣ አሳዳሪ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት፣ ስሟን የሰጣት ሰው ያላዘነላት ሴተኛ አዳሪ፣ ሁሉም ከዚያችው ሌሊት ነው። ትዳርም እንዲሁ፤ ተያይዞ ማደር ነውና። አስተዳደርም። የከተማው አስተዳደር ከሥሩ ሲቆፈር ሰዎች በሰላም እንዲያድሩ ማድረግ ነው፤ ሌላው ሥራ የተጨመረበት ነው ቢባል አስተዳዳሪዎቹም የሚከፉ አይመስለኝም። ጧት ስንገናኝ የምንጠያየቀውም ስለዚያችው ሌሊት ነው። ፈረንሳዩ መልካም ቀን ይመኛል፤ እኛ ያለፈውን ሌሊት እንመረምራለን።

አደራንስ? ድምፁ ወደ አደረ ይስበናል፤ ያስቀመጡት ዕቃ ሰው ዘንድ ሲያድር አደራ ነውና ትርጉሙም ይገፋፋል። ድምፅና ስሜት ሲስማሙ ሥር ቆፋሪ መጠርጠር ይበጀዋል፤ ስለዚህ ዝምድናውን አልመሰክርም። ስዋሂሊዎች ለዚሁ ነገር አማና ይላሉ፤ ከዓረብኛ የተዋሱት ነው፤ የእሱ ዘመድ ግን ግልጽ ነው፣ የእኛው አመነና እምነት።

ወደ ሻንጣው እንመለስ። ቃሉ የቱርክ ነው፤ ቻንታ ይሉታል። ግብፆች ሻንጣ አሉት፣ ከዓረብኛ ወደ እኛ ተሻገረ። አሥመራ ደግሞ ከጣልያን ወስዳ ባልጃ ትላለች። የእኛ ቦርሳም የጣልያን ናት። አንድ ጊዜ የትልቅ ሰው ምልክት የነበረው ሳምሶናይት፣ ዴንቨር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1910 የተጀመረ ድርጅት ሥራ ነው፤ ጥንካሬውን ለማሞገስ የሶምሶንን ስም አወጡለት። የኛ ሰው ቁልፍ ያለውን ጠጣር የእጅ ሻንጣ ሁሉ ሳምሶናይት ሲል ኖረ፤ መጽሐፍ ቅዱሱን ያስታወሰ ግን ጥቂት ነው። ከስሞቹ ሁሉ አገር በቀሉ ማዳበሪያ ነው። ዳበረ ከሚለው ወጥቶ መሬት የሚያዳብር ኬሚካል ሆነ፤ ኬሚካሉ ሲያልቅ ስሙ ከረጢቱ ላይ ቀረ። በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ የሚጫነው «ሁለት ማዳበሪያ» ውስጡ ድንችም ልብስም ሊሆን ይችላል።

ጓዝም ውሰት የለውም። ግእዙ ግዕዘ ይለዋል፤ ከሰፈር መነሣት፣ መጓዝ ነው። ትግርኛ ዛሬም ቤት ለቀየረ ሰው ገዓዘ ይላል። ከአንዱ ሥር ተጓዘ፣ ጉዞ፣ መጓጓዣ፣ ጓዝ። ጓዝ ጉዞ ከሌለ ስሙም የለም፤ ቤት ውስጥ ሲቀመጥ ዕቃ ይባላል፣ በር ሲያልፍ ጓዝ ይሆናል።

እንግዳም የመንገድ ልጅ ነው። በግእዝ ነገደ ማለት መንገድ ሄደ፣ ነገደ፤ ሁለቱንም ነው። ነጋዲ መንገደኛም ነው፣ ሻጭም ነው፤ ያኔ ሲራራ ነጋዴን ከመንገደኛ መለየት ከባድ ነበርና። ነጋዴና እንግዳ ወንድማማች ናቸው። ሲመሽ ደጅ ቆሞ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ» የሚል ሰው ማን ነህ፣ ምን ይዘሃል አይባልም ነበር፤ «ቤት ለእንግዳ» ነው መልሱ። ኬንያውያን ደግሞ እንግዳን ሁለት ቀን አስተናግደህ በሦስተኛው ቀን መቆፈሪያ ስጠው ይላሉ። ሁለቱ አባባሎች አይጣሉም፤ የእኛው ስለ መጀመሪያው ሌሊት ነው የሚናገረው።

ትራንዚት ኋላ የመጣ ነው። ላቲኑ ማለፍ፣ መሻገር ነው። በአማርኛ መጀመሪያ የተመቸው ግን ለሰው ሳይሆን ለጭነት ነው፤ የባሕርና ትራንዚት አገልግሎት ድርጅት የሚባል መሥሪያ ቤት ነበረን፣ ጉምሩክ ላይ ዕቃ የሚያስለቅቀውን ሰው ዛሬም ትራንዚተር እንለዋለን። አውሮፕላኑ ሲበዛ ቃሉ ከኮንቴይነር ወደ ተሳፋሪ ተዛወረ። «ቦሌ ላይ ትራንዚት ነኝ» የሚል ሰው ራሱን በጭነት ስም ነው የሚጠራው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2019 እ.ኤ.አ. ቦሌ ደጃፍ የከፈተው ስካይላይት ሆቴል፣ ኋላ ሲስፋፋ ከ1,000 በላይ ክፍሎች የያዘው፣ ለዚህ ዓይነቱ መንገደኛ ጭምር የታሰበ ነው።

ማረፊያ የሚለውም ሌላ ጉድ አለው። አውሮፕላን ያርፋል፣ ሰው ሲደክመው ያርፋል፣ ሲሞትም አረፈ ይባላል። ፖሊስ ይዞ የሚያሳድርበትም «ማረፊያ ቤት» ነው፤ ቅንነቱ የማን እንደሆነ አላውቅም። በስዋሂሊ ኤርፖርት ኡዋንጃ ዋ ንዴጌ ነው፤ ንዴጌ ወፍም አውሮፕላንም ነው። የወፍ ሜዳ በሉት። ከኪሊማኒ ብዙም የማይርቀው ዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1929 የአውሮፕላን ድርጅት ካቋቋመችው ፍሎረንስ ዊልሰን ነው። እኔ የወረድኩበት ጆሞ ኬንያታ ግን እ.ኤ.አ. በ1958 ኢምባካሲ ተብሎ የተከፈተው፣ ከከተማው በስተምሥራቅ ያለው ነው።

ኪሊማኒስ? ምሊማ ተራራ ነው፤ ኪሊማ ትንሹ፣ ኮረብታው። ኒ ስትጨመር «ላይ» ወይም «ዘንድ» ትሆናለች፤ ኪሊማኒ ኮረብታው ላይ። ኪሊማ ኪሊማንጃሮ ውስጥም ይሰማል። አሁን ኮረብታው በአፓርታማ ተሸፍኖ አይታይም፤ ዋናው መንገድ በፊት ሃርሊንግሃም ነበር፣ በኬንያ የመጀመሪያው ጥቁር ጠበቃ አርግዊንግስ ኮዴክ እ.ኤ.አ. በ1969 እዚያው መንገድ ላይ በመኪና አደጋ ሲሞት ስሙን ወሰደ። ታክሲ ረዳቶች ግን አሁንም ሃርሊንግሃም ይላሉ።

እዚያ ሰፈር አልጋ ፍለጋ የወጣ ሐበሻ በመጀመሪያ የሚሳሳተው በሆቴል ነው። ኬንያ ውስጥ ሆቴሊ የተጻፈበት በር ብዙ ጊዜ ሻይና ቻፓቲ እንጂ መኝታ የለውም፤ ማደሪያው ሎጂንግ ነው። እኛ ደግሞ ክፍሉንም ቤቱንም በአንድ ዕቃ ጠቅልለን «አልጋ አለ?» ብለን እንጠይቃለን። በዚህ ቃል ዙፋንም ይጠራ ነበር፤ አልጋ ወራሽ የሚባለው ልዑል የሚወርሰው መኝታ አልነበረም። እትዬም ፎቁን ሲያሳዩኝ «አልጋው ንጹሕ ነው» አሉኝ እንጂ ክፍሉን አላነሡም።

ሂሳቡን ልክፈል ስላቸው «ስትሄድ» አሉና ቁጭ አሉ።

«ናይሮቢ ስንት ጊዜዎ ነው?»

«እኔማ ለአንድ አዳር ነበር የመጣሁት» አሉ። «በሞያሌ። ጧት ሰው ይቀበልሻል፣ ከዚያ ወደ ፈረንጅ አገር ትሄጃለሽ አሉኝ። ሃያ ሦስት ዓመቴ።»

ይህን ዓይነቱን መልስ ናይሮቢ ውስጥ የሚሰማ ሰው ብዙ ነው። በቦሌም በባሌም የሚል አነጋገር አለን፤ ቦሌ በአውሮፕላን፣ ባሌ በእግር መውጣት ነው። በባሌ የወጣው ሰው በሞያሌ፣ በማርሳቢት፣ በኢሲዮሎ አድርጎ ናይሮቢ ይደርሳል፤ ከደርግ ዘመን ጀምሮ የተዘረጋ መንገድ ነው። መጀመሪያ ኢስሊ ሰፈር ይወርዳል፣ ፎርም ይሞላል፣ ፕሮሰስ ላይ ነኝ ይላል። ፕሮሰሱ ያለቀለት ካናዳ ወይም አውስትራልያ ይገባል። ያላለቀለት ሱቅ ይከፍታል፣ ወይም እንደ እትዬ እንጀራ ይጋግራል፣ ልጅ ያሳድጋል፣ ልጁ ከአማርኛ ይልቅ ስዋሂሊ ይቀናዋል። አማርኛ ኀደረን ወስዶ መኖርን ወደ አንድ ሌሊት እንዳጠበበው ነግሬአችኋለሁ። ኢስሊና ኪሊማኒ ውስጥ ያ ቃል ማንም ሳያዝዘው ወደ ግእዙ ተመልሷል፤ ለአዳር የመጣው ኀደረ።

ዘበኛው ስንት ሰዓት ልቀስቅስህ ሲለኝ «ሳ ኩሚ» አልኩት፤ አሥር ሰዓት። 4:00 የሚለውን ፈረንጅ ሰዓት ከስዋሂሊ ተናጋሪ ጋር መተርጎም አያስፈልግም፤ እነሱም እንደ እኛ ቀኑን ከፀሐይ መውጫ ነው የሚቆጥሩት። ባይሆን ኖሮ ሁለታችንም ተኝተን እንቀር ነበር።

በአሥር ሰዓት በሩ ተንኳኳ። ስወርድ እትዬ ተነሥተው ምጣድ እያሰሱ ነው።

«እንዴት አደርክ ልጄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ እንዴት አደሩ?»

«ደኅና። ሻንጣህም ደኅና አድሯል።»

ዘበኛው ሻንጣውን ከጠረጴዛው ሥር ጎትቶ አወጣው። ፕላስተሩን ከእጀታው ላይ ቀስ ብሎ ላጠ፤ አልጣለውም፤ ከኋላው ካለው የበር መቃን ላይ ለጠፈው። መቃኑ እስከ ትከሻ ድረስ በፕላስተር ተሸፍኗል፤ አንዳንዱ ቢጫ ሆኗል፣ አንዳንዱ ጫፉ ተነሥቷል። ምዚጎ። ምዚጎ 2። ምዚጎ። አንዱ ላይ በአማርኛ ፊደል «የኔ ነው» ተብሎ ተጽፏል። «ይህኛው ባለቤቱ ገና አልመጣም» አሉ እትዬ፣ እጃቸውን በፎጣ እየጠረጉ፤ «ሻንጣው ዕቃ ቤት ነው።»